የሃኩሆ 1187-247-253፦ ሦስተኛው ቁጥር ሽንፈት አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በአጭሩ ያልከው ይሄ ነው፦ የሱሞውን ሻምፒዮን የሃኩሆን ሪከርድ አየህ፣ 1187-247-253 ይላል፣ አንተ እንደ እግር ኳስ አንብበኸው 1187 አሸንፎ 247 አቻ ወጥቶ 253 ተሸንፏል ብለህ ወሰድከው፣ ከዛ ጓደኛህ ደግሞ ራይደን የሚባል የጥንት ታጋይ በህይወቱ 10 ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው ሲልህ «ታዲያ ሃኩሆ በምን ሂሳብ ነው ከሁሉም በላይ የሚባለው?» ብለህ ጠየቅክ። የስፖርት ውጤት መመዝገብና መተንተን ስራዬ ነው፣ ሱሞ ደግሞ ጃፓን ስማር ከያዘኝ ጀምሮ አልለቀቀኝም፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ከቁጥሩ እንጀምር። እግር ኳስ ላይ ድል፣ አቻ፣ ሽንፈት ተብሎ ስለሚጻፍ ዓይናችን ለምዶታል፣ ሱሞ ላይ ግን ድል፣ ሽንፈት፣ ቀሪ ነው። አዎ ቀሪ፣ ልክ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እንደሚባለው ቀሪ። 1187 ጊዜ አሸነፈ፣ 247 ጊዜ ተሸነፈ፣ 253 ቀን ደግሞ አልተገኘም። አቻ የሚባል ነገር በአሁኑ ሱሞ አታገኝም፣ ሁለቱ እኩል ከወደቁና ዳኞቹ መለየት ካቃታቸው እንደገና ተጋጠሙ ይባላሉ እንጂ ነጥብ አይካፈሉም። ስለዚህ ሰውየው ከተጋጠማቸው 1434 ግጥሚያዎች 1187ቱን ወስዷል፣ ወደ 82.8 ፐርሰንት ማለት ነው። አንተ ባነበብክበት መንገድ ብንሄድ 70 ፐርሰንት ነበር የሚሆነው፣ ያ ደግሞ ጥሩ ታጋይ እንጂ የዘመን አውራ አይደለም።

ግን 82.8 ራሱ ብዙ ይደብቃል፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኖ የተሸነፈውንም ንጉስ ሆኖ የተሸነፈውንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው የሚሰጥህ። የሱሞን ሪከርድ ማንበብ የሚቻለው ንብርብሩን ገልጠህ ስታይ ነው። ለዛ ደግሞ አሰራሩን ትንሽ ማወቅ አለብህ።

በዓመት 6 ውድድር አለ፣ ባሾ ይባላል፣ እያንዳንዱ 15 ቀን ነው። ጃንዋሪ፣ ሜይና ሴፕቴምበር ቶኪዮ፣ ማርች ኦሳካ፣ ጁላይ ናጎያ፣ ኖቬምበር ፉኩኦካ። ስድስት ዲቪዚዮን አለ፣ ከላይኛው ማኩኡቺ ይባላል 42 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከሱ ስር ጁርዮ 28 ሰው፣ እዚህ ሁለቱ ላይ ያለ ታጋይ ደሞዝ አለው በ15ቱም ቀን ይጋጠማል፣ ከዛ በታች ያሉት አራቱ ግን ደሞዝ የላቸውም በአንድ ባሾ 7 ጊዜ ብቻ ነው የሚጋጠሙት። ከግማሽ በላይ ካሸነፍክ ትወጣለህ፣ ከግማሽ በታች ከሆንክ ትወርዳለህ፣ በቃ ህጉ ይሄ ነው። 15 ቀን ለሚጋጠም ሰው መስመሩ 8 ድል ነው፣ 8ኛዋን ለማግኘት የመጨረሻው ቀን ላይ ሰው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ብታይ ይገርምሃል።

እንግዲህ ሃኩሆን በዚህ እንግለጠው። ሞንጎሊያዊ ነው፣ ኡላንባታር 1985 ነው የተወለደው። አባቱ ሙንክባት በ1968 ሜክሲኮ ኦሎምፒክ በነፃ ትግል የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው፣ ያ ኦሎምፒክ ለኛም ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በወርቅ 10,000 ሜትሩን በብር የጨረሰበት ነው፣ እና ሁሌ ሳስበው የሃኩሆ አባትና ማሞ በዛው ሰሞን በአንድ ከተማ አየር ሲያጥራቸው እንደነበር ትዝ ይለኛል። እንግዲህ የእንዲህ አይነት ሰው ልጅ ነው፣ ግን በ2000 ኦክቶበር በ15 ዓመቱ ከሌሎች የሞንጎሊያ ልጆች ጋር ጃፓን ሲመጣ 62 ኪሎ ብቻ ነበር፣ ሌሎቹን ልጆች የሱሞ ቤቶቹ፣ ማለትም ታጋዮች የሚኖሩባቸውና የሚሰለጥኑባቸው ቦታዎች፣ ሲመርጧቸው እሱን ግን የሚፈልገው ጠፋ። ወደ አገሩ ሊመለስ የመጨረሻው ቀን ደርሶ ነው ከሱ በፊት የመጣ ሞንጎሊያዊ ታጋይ፣ ኪዮኩሹዛን፣ ለምኖለት ሚያጊኖ የሚባል ቤት የተቀበለው። በኋላ 192 ሴንቲሜትርና ከ150 ኪሎ በላይ ሆነ።

በ2001 ሜይ መጨረሻው ዲቪዚዮን ላይ የመጀመሪያ ስሙ ባንዙኬ ላይ ወጣ፣ ባንዙኬ የደረጃ ሰሌዳው ነው። ውጤቱ 3-4። አዎ፣ ከሁሉም በታች ባለው ዲቪዚዮን ላይ ከግማሽ በታች። ከዛ ጀምሮ እስከ 2003 መጨረሻ 16 ባሾ ደሞዝ በሌለበት ዓለም ነው ያሳለፈው፣ 16 በ7 ስታባዛ 112 ግጥሚያ፣ ከዛ 73 አሸንፎ 39 ተሸንፏል፣ አንድም ቀን አልቀረም። 65 ፐርሰንት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን እንዲህ አይነት ሪከርድ ያለው ታጋይ ሞልቷል። ጁርዮ ላይ ሁለት ባሾ ብቻ ቆየ፣ 9-6 እና 12-3፣ በ2004 ሜይ ከላይ ገባ። ገና 19 ዓመቱ ነው፣ ገብቶም 12-3። ከ247ቱ ሽንፈት 48ቱ እዚህ ታች የቀሩ ናቸው ማለት ነው። የላይኛው ዲቪዚዮን ብቻ ሲወሰድ 1093-199-253 ነው፣ 84.6 ፐርሰንት። ደምረው፣ 1545 ይመጣል፣ በ15 አካፍለው፣ ልክ 103 ባሾ። ይሄን የምነግርህ ለምን መሰለህ፣ የሱሞ ሪከርድ እንደዚህ ነው፣ አንድ ቀን አይጠፋም፣ ያልመጣህበት ቀን ራሱ ተቆጥሮ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ሦስተኛው ቁጥር። 253ቱ ቀሪ ቀን እንዴት ነው የተከፋፈለው? 21ዱ ዮኮዙና ከመሆኑ በፊት ነው፣ 6 ቀን በ2005 ጁላይ፣ 15 ቀን በ2006 ኖቬምበር፣ በቃ። የቀረው 232 ዮኮዙና ከሆነ በኋላ ነው። ዮኮዙና ማለት የመጨረሻው ማዕረግ ነው፣ ወገቡ ላይ ያንን ነጭ ወፍራም ገመድ የሚያስረው። ሃኩሆ በ2007 ማርችና ሜይ ተከታታይ ሁለት ባሾ ወስዶ፣ ሁለተኛውን 15-0፣ በ22 ዓመቱ 69ኛው ዮኮዙና ተባለ። እስኪያቆም 84 ባሾ በዛ ማዕረግ ቆየ፣ 899 ድል 129 ሽንፈት 232 ቀሪ።

እና ይሄንን 84 ባሾ ሁለት ቦታ ቁረጠው፣ እኔ ስቆርጠው ነው ሰውየው የገባኝ። ከ2007 ጁላይ እስከ 2015 ጁላይ 48 ባሾ ነው። ቀሪ ቀን፦ ዜሮ። 48 በ15፣ 720 ቀን፣ አንድም ቀን አልጎደለም። 8 ዓመት ሙሉ። ሪከርዱ 646-74፣ ወደ 90 ፐርሰንት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት፣ ከ48ቱ ባሾ ደግሞ 32ቱን ሻምፒዮን ሆነ። ከሦስት ሁለቱን ማለት ነው ወንድሜ። 32 የድሮው ዮኮዙና የታይሆ የህይወት ዘመን ሪከርድ ነበር፣ ከ1971 ጀምሮ የቆመ፣ ማንም ያልደረሰበት፣ ሃኩሆ ይሄንን ቁጥር በ8 ዓመት ቁራጭ ብቻ አደረገው፣ ከቀድሞዎቹ ሦስት ጋር 35 ሆነ። በ2009 ዓመቱን ሙሉ ከ90 ግጥሚያ 86 አሸነፈ። በ2010 እንደገና 86።

የ2010ን ነገር ቆም ብለን እንየው። ጃንዋሪ ላይ 12-3 ነበር ዋንጫውም ሌላው ዮኮዙና አሳሾርዩ ነው የወሰደው፣ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀን አሸንፎ ጨረሰ። ከዛ ማርች 15-0፣ ሜይ 15-0፣ ጁላይ 15-0፣ ሴፕቴምበር 15-0። የጁላዩ በተለይ ከባድ ነበር፣ ታጋዮች በቤዝቦል ቁማር ተይዘው ሱሞ ተዋርዷል፣ የጃፓኑ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ በቀጥታ አላስተላለፈም፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫም አይሰጥም ተባለ፣ ሃኩሆ 15-0 ጨርሶ ዋንጫ ሳይቀበል የህዝብ መዝሙር ሲዘመር ቆሞ አለቀሰ። ኖቬምበር ፉኩኦካ የመጀመሪያውን ቀን አሸነፈ፣ 63 ተከታታይ ሆነ። ከፊቱ ያለው የድሮው ዮኮዙና የፉታባያማ 69 ብቻ ነው፣ ከ1939 ጀምሮ የቆመ። ሁሉም ሰው በዛው ሳምንት ይሰበራል ብሎ ተዘጋጅቷል።

በሁለተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 15፣ ከፊቱ የቆመው ኪሴኖሳቶ ነው፣ ያኔ ማኤጋሺራ የሚባለው ተራ ደረጃ ላይ የነበረ ልጅ። ሃኩሆ ሁሌ ሲጋጠም አይቸኩልም፣ ቀኝ እጁን ከተጋጣሚው ክንድ ስር አስገብቶ በግራው ከውጭ መታጠቂያውን ይይዝና ከዛ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የዛን ቀን ግን መያዣውን ሳያገኝ ቸኮለ፣ ለማደናቀፍ እግሩን ላከ አልያዘለትም፣ ኪሴኖሳቶ ደረቱን ሰጥቶ ወደ ጠርዙ ነዳው፣ ዮኮዙናው ከመድረኩ ተገፍቶ ወረደ። በኋላ ሲጠየቅ «ሽንፈት ማለት ይሄ ነው ለካ» አለ። ከጃንዋሪ ወዲህ አልቀመሰውማ። ግን ሪከርዱ ላይ እኔ ከ63ቱ ይልቅ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ በማግስቱ ተነስቶ የቀሩትን 13 ቀን በሙሉ አሸንፎ 14-1 ሆኖ፣ በመጨረሻም እኩል የጨረሰውን ቶዮኖሺማን በመለያ ግጥሚያ ጥሎ ባሾውን ወሰደ።

ሁለተኛው ቁራጭ ከ2015 ሴፕቴምበር ይጀምራል። ሁለት ቀን ተሸነፈ፣ በጉልበቱ ምክንያት ወጣ፣ ዮኮዙና ከሆነ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዛ እስከ መጨረሻው 36 ባሾ አለ፣ 232ቱም ቀሪ ቀን እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ከ36ቱ 19ኙን ወይ ሙሉ በሙሉ አልገባም ወይ መሃል ላይ አቋርጧል። ጉልበት፣ የእግር ጣት፣ የእጅ ጣት፣ ሰውነቱ ተራ በተራ ነው የከዳው።

እዚህ ጋ አንድ ህግ ካላወቅክ ቁጥሩ አይገባህም። ለደረጃ ሲሆን ቀሪ ቀን እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጠረው። ጉልበቱ የተጎዳ ተራ ታጋይ አንድ ባሾ ሙሉ ከቀረ 0-15 እንደወጣ ሆኖ ይወርዳል። ከዮኮዙና ቀጥሎ ያለው ኦዜኪ እንኳን ሁለት ባሾ በተከታታይ 8 ካልሞላ ማዕረጉን ያጣል። ቴሩኖፉጂን እየው፣ በ2015 ኦዜኪ ሆነ፣ ጉልበቱና ስኳር በሽታ ጣሉት፣ በ2017 ማዕረጉን አጣ፣ እየቀረ እየወረደ በ2019 ማርች ከታች ሁለተኛው ዲቪዚዮን ላይ ደረሰ፣ ትናንት የዋንጫ ሰው የነበረ ከገና ጀማሪ ልጆች ጋር። ዮኮዙና ግን አይወርድም። በጭራሽ። ወይ ትጋጠማለህ ወይ ሱሞን ታቆማለህ፣ መሃከለኛ ደረጃ የለም። ስለዚህ ዮኮዙና ብቻ ነው እየታከመ ቀርቶ በቦታው መመለስ የሚችለው፣ ግን ሲመለስ በ10 ድል መጨረስ ለሱ ውርደት ነው፣ ሻምፒዮንነት ይጠበቅበታል። ሃኩሆ ይሄንን መብት ተጠቅሞበታል፣ እና የቀሪው ቁጥር የትልቅነቱ ጉድለት ነው የሚሉ ጃፓኖች ብዙ ናቸው።

እኔ እንዴት እንደማየው ልንገርህ። ከ36ቱ ባሾ እስከ 15ኛው ቀን የቆየው 17ቱን ነው፣ ከ17ቱ 10ሩን ሻምፒዮን ሆኗል። ጠበብ አድርገን ከ2017 ሜይ ጀምሮ ብቻ ብናይ ደግሞ እስከ መጨረሻው የቆየባቸው 10 ባሾ ናቸው፣ 8ቱን ወስዷል። 8 ከ10! ይሄ ከወጣትነቱም የበለጠ ነው። ግን ያው ማወዳደሩ ሙሉ ፍትሃዊ አይደለም፣ ምክንያቱም ሊሸነፍ ሲል እያቋረጠ የወጣባቸው ከሂሳቡ ወጥተዋል፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም፣ ያቋረጠባቸው ላይ የመዘገባቸው ሽንፈቶች ብቻቸውን 23 ናቸው። ቢሆንም ከ32 ዓመቱ በኋላ፣ ጉልበቱ እንደዛ ሆኖ፣ ሙሉ 15 ቀን መቆም በቻለ ቁጥር ማንም አልቻለውም ማለት ይቻላል።

ስለ ሽንፈቱ ቁጥርም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከ247ቱ ሽንፈት ውስጥ መድረክ ላይ ሳይወጣ የተመዘገቡ አሉ። የነገው ግጥሚያ ከወጣ በኋላ ታጋዩ ከታመመ ያ ቀን ቀሪ አይባልም፣ ያለ ግጥሚያ ሽንፈት ይባላል፣ ተጋጣሚው ያለ ግጥሚያ ያሸንፋል፣ ከማግስቱ ጀምሮ ነው ቀሪ የሚቆጠረው። ለምሳሌ የ2020 ጁላይ 10-3-2 ይላል፣ 10 ቀን በተከታታይ አሸንፎ፣ ሁለት ተሸንፎ፣ በ13ኛው ቀን ሲወጣ ያቺ ቀን ሦስተኛዋ ሽንፈት ሆነች።

ይሄንን በዓይኔ ያየሁት በ2019 ሴፕቴምበር ቶኪዮ ርዮጎኩ ኮኩጊካን ውስጥ ነው። ለሁለተኛው ቀን ከወራት በፊት ነበር ትኬት የያዝኩት፣ ከላይ ርካሹ ወንበር ላይ፣ ሃኩሆን ለማየት። በመጀመሪያው ቀን በሆኩቶፉጂ ተሸንፎ ነበር፣ ጠዋት ላይ ደግሞ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ተሰብራለችና አይገባም ተባለ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ በር ላይ የሚታደለውን የግጥሚያ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ይመዘግባሉ፣ ላሸነፈው ነጭ ክብ፣ ለተሸነፈው ክቡን አጥቁረው። የሃኩሆ ተራ ሲደርስ ተጋጣሚው ብቻውን ወጥቶ ተቀመጠ፣ ስም ጠሪው «ያለ ግጥሚያ ድል» የሚል ጽሁፍ ያለበትን ጨርቅ ከፍ አድርጎ ለአራቱም አቅጣጫ አሳየ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። 11 ሺህ አካባቢ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ማጉረምረም ብቻ ነበር የሚሰማው። ሽማግሌው በሃኩሆ ስም አጠገብ ክብ ሳይሆን ጥቁር አራት ማዕዘን ሳሉ፣ ያለ ግጥሚያ የተሸነፈ ምልክቱ እሱ ነው፣ ከዛ በህዳጉ ላይ «ያ» የምትለዋን የጃፓን ፊደል ጻፉ፣ ያሱሚ ከሚለው፣ ማረፍ ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ ያቺ ፊደል 13 ጊዜ ልትደረደር ነው። ያ ባሾ ሪከርዱ ላይ 0-2-13 ነው የሚለው። አሁን አንተ ከ247ቱ ላይ እነዚህን ሳታነሳ «ይሄን ያህል ጊዜ ተጣለ» ማለት እንደማትችል ገባህ አይደል።

ወደ ራይደን እንምጣ። ጓደኛህ አልዋሸም፣ 254 አሸንፎ 10 ተሸንፏል፣ 96 ፐርሰንት። ግን ከ1790 እስከ 1811 ነው የተጋጠመው፣ በዓመት ሁለት ባሾ ብቻ፣ እያንዳንዱም 10 ቀን አካባቢ፣ አቻም ነበረ፣ ውጤቱ ሳይነገር የሚቀር ግጥሚያም ነበረ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጋጠምበት አሰራርም አልነበረም። በ21 ዓመት 254 ድል፣ ሃኩሆ ግን በ2008፣ 2009 እና 2010 ብቻ ያንን ያህል ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ራይደንን ማሳነሴ አይደለም፣ ዮኮዙና ሳይባል ኦዜኪ ሆኖ መቅረቱ እስካሁን ሰው የሚገርመው ትልቅ ሰው ነው፣ ግን ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የፉታባያማ 69ም እንደዛው ነው፣ በዓመት ሁለት ባሾ በነበረበት ጊዜ ከ1936 እስከ 1939 ሦስት ዓመት ነው የፈጀበት፣ ሃኩሆ 63ቱን በ10 ወር። በነገራችን ላይ ባሾው ከ11 ቀን ወደ 13፣ ከ13 ወደ 15 ያደገው በፉታባያማ ጊዜ ነው፣ ሰዉ እሱን ለማየት እየተጋፋ።

ጠቅላላ ድል ብቻውንም እንዳያታልልህ። ከሃኩሆ በፊት የድል ሪከርዱ 1047 ነበር፣ የካይዮ። ካይዮ ዮኮዙና ሆኖ አያውቅም፣ 5 ጊዜ ነው ሻምፒዮን የሆነው፣ ሪከርዱ 1047-700-158 ነው። 700 ሽንፈት! ወደ 60 ፐርሰንት ነው፣ ግን ከ20 ዓመት በላይ ጸንቶ ቆሞ ያጠራቀመው ስለሆነ ጃፓን ውስጥ እጅግ የሚወደድ ሰው ነው። ሃኩሆ በ2017 ጁላይ 1048ኛውን አሸንፎ አለፈው። ሁለቱን ሪከርድ ጎን ለጎን አስቀምጠህ እያቸው፣ መጀመሪያው ቁጥር ብዙም አይራራቅም፣ ሁለተኛው ቁጥር ነው ማን ማን እንደሆነ የሚነግርህ። ታይሆ ደግሞ 872-182-136 ነው፣ ወደ ሃኩሆ በጣም ይቀርባል፣ ከተጋጠመው 82.7 ፐርሰንት ነው ያሸነፈው። የታይሆ 45 ተከታታይ ድል በ1969 ማርች የተቋረጠው በዳኛ ስህተት ነው፣ ፎቶ ሲታይ የተጋጣሚው እግር ነበር ቀድሞ የወጣው፣ ከሚቀጥለው ባሾ ጀምሮ ዳኞች ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ። ውጤቱ ግን አልተቀየረም፣ ከ182ቱ አንዷ ሆና እስከ ዛሬ አለች።

አጨራረሱ ላይ ስለ ሃኩሆ የሚወራውን መጥፎ ነገር መዝለል አልፈልግም። ሲነሳ በጥፊ ይመታል፣ በክርኑ ፊት ይመታል፣ ለዮኮዙና አይገባም ተብሏል፣ ህጉ ባይከለክለውም እኔም አልወድለትም ነበር። በ2020 ኖቬምበር ደግሞ በመቅረቱ ምክንያት የዮኮዙናዎች ጉዳይ ኮሚቴ በይፋ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ኮሚቴው ያየውንና ከዛ በኋላ የመጣውን አየሁት፦ 10-3-2፣ ከዛ 0-0-15፣ 0-0-15፣ ከዛ ኮቪድ ይዞት 0-0-15፣ ከዛ በ2021 ማርች ሁለት ቀን አሸንፎ 2-1-12፣ በዛው ወር የቀኝ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ሜይ 0-0-15። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚህ የሚነበብ ሪከርድ ሲኖርህ ሰው «በቃው» ቢል አይፈረድበትም።

36 ዓመቱ ነው። በ2021 ጁላይ ናጎያ ገባ፣ ይሄ ካልሆነ አበቃ የሚባልበት ባሾ። በየቀኑ አሸነፈ፣ ቆንጆ አልነበረም። በ14ኛው ቀን ኦዜኪው ሾዳይ ላይ መነሻ መስመሩ ላይ መቆም ትቶ ወደ ኋላ ሄዶ ከመድረኩ ጠርዝ ነው የተነሳው፣ እንደዛ ሲነሳ አይቼ አላውቅም፣ ሰውየው ጉልበቱን ደብቆ ለመድረስ መንገድ እየፈለገ ነበር። መጨረሻው ቀን ሁለቱም 14-0 ሆነው ተገናኙ፣ ሃኩሆና ያ ከታች ተነስቶ የተመለሰው ቴሩኖፉጂ፣ በማግስቱ ሳምንት 73ኛው ዮኮዙና ሊባል የነበረው። የማይወርደውና ወርዶ የወጣው። ሃኩሆ ግራ እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ከለለው፣ በቀኝ ክርኑ መታው፣ ጥፊም ነበረው፣ ከዛ ክንዱን ጠምዝዞ ጣለው። እና ጮኸ፣ ቡጢውን ጨብጦ፣ ዮኮዙና ስሜቱን አያሳይም የሚባልበት ቦታ ላይ። 45ኛው ሻምፒዮንነት፣ 16ኛው 15-0። ታይሆና ፉታባያማ እያንዳንዳቸው 8 ናቸው ያላቸው፣ እሱ የሁለቱን ድምር።

1187ኛዋ ድል እሷ ነች። ከዛ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ የገጠመው ጣጣና በ2025 ከሱሞ ማህበሩ መውጣቱ ሌላ ወሬ ነው፣ ሪከርዱን አይነካም። ሰንጠረዡን ከፍተህ ወደ ታች ከወረድክ ግን የመጨረሻው መስመር 15-0 አይደለም፣ አንድ መስመር ይቀራል። የ2021 ሴፕቴምበር ነው፣ ሰሌዳው ላይ አሁንም ዮኮዙና ብሎ ስሙ አለ፣ ቤታቸው ውስጥ ኮቪድ ስለተገኘ የሚያጊኖ ልጆች በሙሉ እንዳይገቡ ተደረገ፣ ባሾው ባለቀ ማግስት ማቆሙ ተሰማ፣ ሴፕቴምበር 30 ጸደቀ። ስለዚህ የመጨረሻው መስመር 0-0-15 ይላል፣ እና እነዚህ 15 ቀናት ናቸው ሦስተኛውን ቁጥር 253 ያደረሱት።